ለወንድማችን ያልከፈትኩት በር

ውድ እህቴ፣ የእናቴ ምትክ፣ እትዬ ሴፎራ፤

ሰላምታዬ ተራራውንና ሜዳውን አልፎ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ዛሬም ይጠዘጥዝሻል? የባሕሩ ንፋስ ብርድ ልብስ አልፎ ይገባል ብለሽኝ ስለነበር፣ እዚህ በበረደን ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ልጆችሽ ሴሎና ካቲሶ እንዴት ናቸው? ትምህርታቸውን ያዙ ወይ? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ እንዴት ሆኑ? አሁንም ካንቺ እጅ ካልሆነ አልበላም እንዳሉ ነው?

እኛ አለን። ልጄ ሞሌፌ ቁመቱ ጥሎኝ ሄዷል፤ ሱሪ በገዛንለት ማግስት ያጥርበታል። አባቱም ደኅና ነው። ስለ ራሴ ግን ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብል እጄ እንቢ አለኝ።

ባለፈው በስልክ «እናታችን የወለደችውን፣ ያውም የታመመ ሰው፣ እንደ ሌባ አጥር ላይ አስቀርተሽ ገደልሽው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም። አሮጊቷን የሚይዝልሽ ጠፍቶ ወንድምሽን እንኳ ሳትቀብሪ ቀረሽ፤ ነገሩንም የሰማሽው ከአጎታችን ከራሌሆሎ አፍ ብቻ ነው። አጎታችንን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን የሚያወራ ሰው ነው። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን የኬፕታውን አውቶቡስ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ያደርስልሻል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በዪኝ።

በወይዘሮ ማታቢሶ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። የምንጠብቃቸው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው በማለዳ እንቅልፋቸው ሳይለቃቸው ያስረክቡናል፤ ፋብሪካው ሲለቅ መጥተው ይወስዷቸዋል። ወይዘሮ ማታቢሶ ዓመቱ ሲጀምር ወላጆቹን ሰብስበው፣ በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ አስቀምጠው፣ ደንቡን በቃላቸው ይነግሯቸዋል። መድኃኒት በእጅ ይሰጠን እንጂ በልጁ ቦርሳ አይላክ። በመዝጊያ ሰዓት የሚመጣ ይኖራል ብላችሁ ልጅ አትርሱ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቤቱ ይዋል። ዘንድሮ ትኩሳቱ ላይ ሲደርሱ አንዷ ብድግ ብላ፣ «እኔ ከሥራ ብቀር ያባርሩኛል፤ ታዲያ እርስዎ ሊቀጥሩኝ ነው?» አለቻቸው። «አንቺን ቀጥሬ ማን ዝም ያሰኝሻል!» ሲሏት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትኩሳቱ ያንቺን ልጅ ምሮ የጎረቤትሽን ይዞ ቢሄድ፣ በየትኛው ዓይንሽ ታያታለሽ?» አሏት። ተቀመጠች።

የመጨረሻውን ደንብ ሲናገሩ ግን የሚስቅ የለም። ልጁን መውሰድ የሚችለው እናቱ በአካል መጥታ፣ ቢሮው ውስጥ በእኛ ፊት ቆማ፣ በአፏ ስሙን የሰጠችን ሰው ብቻ ነው። ወረቀት አንቀበልም፤ የስልክ ቃል አንቀበልም። አባት ቢሆን፣ አያት ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን ያው ነው። ይህ ደንብ ከየት እንደመጣ እዚህ ማፑትሶዌ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ አንዱ አባት «ፀጉሩን ላስቆርጠው» ብሎ ልጁን ከማቆያው ወሰደና የድንበሩን ድልድይ ተሻገረ። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ሰፊ ነው። ወሬያቸው እንኳ አልተሰማም። እናትየው ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ቆማ፣ የሚያልፈውን ጎረምሳ ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች።

አሁን ደብቀንሽ የኖርነውን ልንገርሽ። ወንድም ጋሼ ኬኬትሶ ከወርቅ ማውጫው ደረቱ ተበላሽቶ ሲመለስ መጠጥ እንደጀመረ ሰምተሻል። በፋሲካ ያደረገውን ግን አንቺ ሩቅ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብለን አልነገርንሽም። ልጁን ዲምፎን አዝሎ ወጥቶ መጠጥ ቤት ገባ። እሱ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ሲጥለው ልጅቷ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው ያገኟት። አንዱን ጫማዋን ውሃው ወስዶታል፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። ሚስቱ ማዲምፎ ያን ቀን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልብሷን ጠቀለለች፣ ልጇን አዘለች፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። በማግሥቱ ዲምፎ ወደምትውልበት ወደ እኛ ማቆያ ቢሮ መጥታ፣ እኔም ቆሜ እየሰማሁ፣ «ከእኔና ከእናቴ በቀር ማንም እንዳይወስዳት። አባቷ ደግሞ በተለይ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ፓሌሳ፣ ሰምተሻል» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

እትዬ፣ ወንድም ጋሼ ከዚያ በኋላ መጠጡን ተወ። አጎታችን አልነገረሽ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። ማንም ሳይመክረው፣ ማንም ሳያስምለው ተወ። እጁ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እንደ አገራችን ወንዶች ወግ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዞ፣ ማቆያው በር ላይ መጣ።

«ፓሌሳ፣ እስኪ ክፈቺልኝ። እሱቁ ድረስ ወስጄ ቦንቦሊኖ ልግዛላትና መልሼ ላምጣት» አለኝ።

«አልችልም ወንድም ጋሼ» አልኩት።

«አልችልም ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቁልፉ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት!»

«ማዲምፎ መጥታ ስምህን ትስጥና ሮጬ እከፍትልሃለሁ።»

«አንቺን እኮ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ። ንፍጥሽን በዚህ እጄ ነው የጠረግኩት። ዛሬ መንገደኛ ሆንኩብሽ?»

እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ ሆነን ተፋጠን ቆምን። ወይዘሮ ማታቢሶ ሰምተው ወጡ። ይቆጡታል ብዬ ስፈራ፣ የላስቲክ ወንበር አንስተው በሩን ከፍተው ወጡና ከሽቦው አጥር ውጭ አስቀመጡለት። እንደ አባት አክብረው «ንታቴ» ብለው ጠሩትና፣ «ደንባችን ስለ መውሰድ ነው እንጂ ስለ ማየት አንድም ቃል የለውም። ቁጭ ብለህ ልጅህን እያት» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሜዳ በሚወጡበት ሰዓት መቅረት አላወቀም። ልጆቹ ሽቦውን እየጨበጡ ይከቡታል፤ እሱ ከመሬት ሥር ያየውን ያወራላቸዋል። «እዚያ ታች ፀሐይ የለም። ምሳ መድረሱን የሚነግረን ሆዳችን ነው። የአንዱ ጓደኛዬ ሆድ ውሸታም ስለነበር፣ ገና በጠዋቱ ምሳ ደረሰ ይለን ነበር» ሲላቸው በሳቅ ይንከተከታሉ። ዲምፎ መሀል ገብታ፣ «የኔ አባት ነው! እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙ!» ትላቸዋለች። በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን ታሾልክና እሱ ይይዝላታል። እንደዚያ ሆኖ ነው ልጁን የነካት።

ብርዱ ሲገባ ሳሉ ባሰበት። ወይዘሮ ማታቢሶ ጠሩኝና፣ «የሚያስል ልጅ ቤቱ ይዋል የምንል ሰዎች፣ የሚያስል አባት ልጆቹ ላይ ሲተነፍስ ዝም ማለት አንችልም። ክሊኒክ ይሂድ፤ እስከዚያ ይራቅ» አሉኝ። ይህንንም የምነግረው እኔ ነኝ። ወንበሩን አንስቼ ከመንገዱ ማዶ፣ ቅጠሉ የረገፈው ኮክ ዛፍ ሥር ወሰድኩለት። ሳቀ። «መጀመሪያ ከበር መለስሽኝ፣ አሁን ከአጥር። በሚቀጥለው ድንበር ታሻግሪኛለሽ» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ነው የገባሁት። ክሊኒክ ሄደ። የማዕድኑ አቧራ በጎዳው ሳንባው ላይ ነቀርሳ ተገኘበት። መድኃኒቱን አንድም ቀን አላጓደለም። ከጊዜ በኋላ ነርሷ «አሁን ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም» አለችው፤ ያን ቀን ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ እየሮጠ ሊመጣ ሲል ትንፋሽ አጥሮት መንገዱ መሀል ቆመ። ልጆቹ አጨበጨቡለት።

ማዲምፎ ይህን ሁሉ ከዲምፎ አፍ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ልጇን ልትወስድ መጥታ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«እውነት አይጠጣም?»

«አይጠጣም።»

«ወንድምሽ ስለሆነ እንዳትሸፍኚለት። በማን ትምያለሽ?»

«በእናቴ መቃብር።»

የልጇን ኮፍያ ስታስር ስትፈታ ቆየችና፣ «ዓርብ ቀደም ብለን እንለቀቃለን። መጥቼ ስሙን እሰጣለሁ። እሱቁ ድረስ ይውሰዳትና ይመልሳት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናያለን» አለችኝ። እኔ ደስታዬን መቼ ቻልኩት? በዚያው ሄጄ ለወንድም ጋሼ ነገርኩት። ተነስቶ ጫማውን መጥረግ ጀመረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጺሙን ተላጭቷል፤ ምላጩ አገጩ ላይ ቆርጦታል። ብርድ ልብሱን አራግፎ ለብሷል። ዲምፎን ገና ጠዋት ስለነገርኳት ካፖርቷን ለብሳ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ማዲምፎ ግን አልመጣችም። ፋብሪካው ያን ቀን ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አላለቀም ብሎ በሩን ቆልፎባቸዋል፤ ስልካቸውን ደግሞ ሁልጊዜም ጠዋት ሲገቡ ዘበኛው ይሰበስበዋል። እኛ ይህን በምን እንወቅ? ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ተወሰዱ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የክረምቱ ብርድ ከወንዙ በኩል መጣ። እሱ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ሰው ቤት እንደተጠራ እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል።

ወደ ወይዘሮ ማታቢሶ ገብቼ፣ «እሰጣለሁ ብላ ለእኔ ለራሴ ነግራኛለች እኮ። በአፏ ነው የነገረችኝ» አልኳቸው።

«እሰጣለሁ ማለትና መስጠት አንድ አይደለም ልጄ። የቀረችው ሐሳቧን ቀይራ ቢሆንስ?» አሉኝ። ከዚያ አየት አደረጉኝና፣ «ቁልፉ አንቺ አንገት ላይ ነው። እኔ አልነጥቅሽም» አሉ።

እትዬ፣ አጎታችን አሠሪዋ ከለከሏት ብሎሽ ከሆነ ውሸት ነው። ማንም አልከለከለኝም። ግቢው መሀል ቆሜ ቁልፉን በእጄ ያዝኩት። አንድ ጊዜ ያ ውሃ የወሰደው ጫማ ይታየኛል። አንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ የምትቆመው ሴት። አንድ ጊዜ ደግሞ የተቆረጠው አገጩ። «ሰምተሻል» ያለችኝ ማዲምፎ ናት፤ «ሰምቻለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሄጄ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አልመጣችም። አልከፍትልህም» አልኩት። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር። «ገባኝ እታለም። እኔም ብሆን ለኔ ልጄን አልሰጥም ነበር» አለኝ።

ያን ጊዜ የማዲምፎ እናት ልጅቷን ሊወስዱ ደረሱ። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«ማዲምፎ ልትመጣ ነበር፣ እናቴ» አላቸው ኮፍያውን አውልቆ።

«ማዲምፎ ሥራ ላይ ናት። ይልቅ ዞር በልልኝ፣ ሕፃኗን ብርድ ሳይመታት ይዣት ልሂድ።»

ዞር አለላቸው። ዲምፎ ታዝላ ስትሄድ በአያቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አባዬ፣ ነገ ና!» አለችው። «ነገማ ቅዳሜ ነው፣ ዝግ ነው። ሰኞ እመጣለሁ» አላት። እጁን እንዳነሳ ቀረ።

ቅዳሜ ተራራው ላይ በረዶ ጣለ፤ ንፋሱ እኛ ላይ ወረደ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቱ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ደም እየተፋ ነው አለኝ። ከሞሌፌ አባት ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድነው። እጄን ይዞኝ ነበር፤ መናገር ግን አልቻለም። ሰኞ ሊነጋ ሲል አረፈ። አጎታችን ዓርብ ዕለት ብርድ ላይ ቆሞ በመዋሉ ነው የሞተው ይላል። ሐኪሙ ግን ሳንባው ከጉድጓዱ ሲወጣ ጀምሮ ያለቀ ነበር፣ የአንድ ቀን ብርድ አይደለም አለኝ። የማንኛቸውን እንደምታምኚ ላንቺ ትቼዋለሁ። እኔ ራሴ በቀን ሐኪሙን አምናለሁ፤ ስተኛ አጎቴን።

ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ማቆያው የሄድኩት ሐዘን ላይ መሆኔን ለወይዘሮ ማታቢሶ ልነግር ነበር። የቢሮው በር ክፍት ነው። ማዲምፎ የፋብሪካ ሽርጧን ለብሳ፣ ዲምፎን በእጇ ይዛ፣ ፊታቸው ቆማለች። «ዓርብ ቆልፈውብን ነው የቀረሁት። ከዛሬ ጀምሮ አባቷ ኬኬትሶ ይወስዳታል። ይኸው በአፌ ተናግሬያለሁ» ስትል ሰማኋት። ዞር ስትል አየችኝ። የለበስኩትን ጥቁር ሻሽ አየች። ወይዘሮ ማታቢሶ ፈጠን ብለው ልጅቷን ወደ ሜዳው ይዘዋት ወጡ።

ቀብሩ ባለፈው ሳምንት ተፈጸመ። የማዕድን ጓደኞቹ መጥተው ነበር፤ ግማሾቹ ራሳቸው ትንፋሽ የላቸውም። እየተፈራረቁ ነው የተሸከሙት። ሬሳውን ከቤት ሲያወጡት ዲምፎ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ፣ «እማዬ፣ አባዬን የሚወስዱት ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን ሰጥተሻል?» አለቻት። ዙሪያዋን የቆምነው ሁሉ ሰማን። ማዲምፎ ከዚያ በፊት እንባ አልወጣትም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጮኻ አለቀሰች፤ ሴቶቹ በሁለት በኩል ደገፏት። የገዛ እናቷ፣ ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ፣ «ልጄን፣ ልጄን» እያሉ የሬሳ ሳጥኑን ተከትለው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

ከቀብር ስንመለስ ማዲምፎን ጠጋ ብዬ ልይዛት ስል እጄን ቀስ ብላ አወረደችው። «በዚያ ቀን ሰጥተሽው ብትሆኚ፣ ዕድሜ ልኬን አላናግርሽም ነበር። አልሰጠሽውም፤ አሁን ደግሞ ላይሽ አልቻልኩም። ያጠፋሽው ነገር የለም ፓሌሳ። ትንሽ ጊዜ ተዪኝ» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ልጇን ስታመጣ ለወይዘሮ ማታቢሶ ትሰጣታለች እንጂ ለእኔ አትሰጠኝም። እኔም ስትመጣ ወደ ማድ ቤቱ ገባ እላለሁ።

አጎታችን ያንን ሥራ ልቀቂ፣ ደም ያለበት እንጀራ ነው ይለኛል። አልለቀቅኩም። ልጆቹ በየቀኑ «ከመሬት ሥር ያለው ሰውዬ መቼ ይመጣል?» ይሉኛል። ዲምፎ ናት የምትመልስላቸው። ያ ዓርብ ተመልሶ ቢመጣ ምን ታደርጊ ነበር ትዪኝ ይሆናል። አላውቅም እትዬ። አንዳንድ ቀን በሕልሜ እከፍትለታለሁ፤ ልጁን አቅፎ እሱቁ ድረስ ሲሄድ ከኋላው አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በሩን እንደዘጋሁ ነው። በሁለቱም ስነቃ እሱ የለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለገና ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ፣ አሠሪዎችሽን አስፈቅደሽ ነይ። የሐዘን ልብሱን የምናወልቅበት ጊዜም ያኔ ነው። በእኔና በማዲምፎ መሀል የሚቀመጥ ሰው ጠፍቷል፤ እሷ ከአንቺ ቃል አትወጣም። እኔንም ብትቆጪኝ ፊት ለፊት ተቆጪኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ስደውልልሽ ስልኩን አንሺልኝ። የምትይኝ ነገር ባይኖርሽ እንኳ ዝም በዪ፤ መተንፈስሽን ልስማ። ከእናታችን ማህፀን የወጣን አሁን ሁለታችን ብቻ ነን የቀረነው።

ሴሎን አክስትህ ሳመችህ በዪልኝ፤ ካቲሶንም አጎቷ ይወዳት እንደነበር ንገሪያት። አሮጊቷን እጅ ነሥተሽ ሰላም በዪልኝ፤ ያንቺን እጅ ያግኙ እንጂ ሌላ አይመኙ። ሞሌፌ ሰላም ብሎሻል፤ አባቱም ጉልበቷን ታሙቅ ብሎሻል። ወይዘሮ ማታቢሶ «እህትሽን አጽናኚልኝ» ብለዋል። ዲምፎ ደግሞ ለአክስቷ እንደምጽፍ ስነግራት፣ እኔም አንድ ቃል ልበል ብላ፣ «ስትመጪ ዓርብ እንዳይሆን» በዪያት ብላኛለች።

ያዘነች ታናሽ እህትሽ፣
ፓሌሳ

ማፑትሶዌ፣ ሌሶቶ
ጁላይ 21 ቀን 2019